ሐዋሳ ላይ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ መማር ያዋጣል ወይ? ከኪሱ ከፍሎ የተማረ ሰው ግምገማ

ከአምስት ሦስት ተኩል። ነጥቡን ከላይ ያስቀመጥኩት ጽሑፉ ስለሚረዝም ነው። የቸኮለ እሱን ይዞ ይሂድ።

የምገመግመው ዲግሪ ነው። ሰው ስልክ ሊገዛ ሲል ቪዲዮ ያያል፣ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ካሜራውን ሞክሮ ባትሪውን ጠይቆ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። ዲፓርትመንት ሲመርጥ ግን የጎረቤት ልጅ ያወራውን ሰምቶ ይሞላል። ዓመታቱ ካለፉ በኋላ መመለስ የለም፣ መቀየርም የለም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ተመዝጋቢ ያየሁትን ልንገር።

የተማርኩት ሐዋሳ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ ነው፤ ቀን የመጠጥ ማከፋፈያ መጋዘን እየሠራሁ፣ ማታ እየተማርኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ሌላ ቦታ ከተማሩ ልጆች ጋር ሳወራ ምስጋናውም ቅሬታውም አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ይጥራ። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም። ኔትወርክ መዘርጋትም፣ ማሽን መጠገንም አይደለም፤ ይህን ለዘመድ ብታስረዱም ፕሪንተር ሲበላሽ መጠራታችሁ ግን አይቀርም። ትምህርቱ የሚያጠናው አንድ ድርጅት መረጃውን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ በሱ ላይ ቆሞ ምን እንደሚወስን ነው። ግማሹ ቴክኖሎጂ፣ ግማሹ ቢዝነስ። አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ፕሮፌሰር ጎርደን ዴቪስ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ራሱን የቻለ ትምህርት ሲያደርጉት ቤቱ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነበር። እኛ ጋ ግን ብዙ ቦታ የተጠጋው ወደ ኮምፒውቲንግ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። የቢዝነሱ ግማሽ ኮርስ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ክፍል ውስጥ ግን የለም። ወይም አለ፣ በስላይድ።

የመጀመሪያውን ዓመት ቶሎ ልለፈው። ሁሉም ዲፓርትመንት የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ። ከሙያው ጋር የሚነካካው ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ የሚባለው ብቻ ነው። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስና ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ ትሸመድዳላችሁ። ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል (ብዙ መዝገብ አጠቃሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) መሥራት ግን ማንም አያሳያችሁም። መጋዘን ውስጥ ደግሞ የተጠየቅኩት ፒቮት ቴብሉን ነው።

ፕሮግራሚንግ እንደ ሌላው ቦታ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጀምራል፣ ፈተናውም ወረቀት ላይ ነው። ኮድ በእስክሪብቶ መጻፍ ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም። ሰቃይ የሚባሉት ልጆች ራሳቸው ሴሚኮሎን ረስተው ነጥብ ሲቀነስባቸው አይቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ቢሆን በሰከንድ ይነግራቸው ነበር።

ዳታቤዝ፣ የመረጃ ቋት ማለት ነው፣ ሌላ ነው። ዲግሪውን በሙሉ ትታችሁ ይህንን ኮርስ ብቻ ብትወስዱ እንኳ አትከስሩም። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ (Codd፣ ስሙ ነው) በፈረንጆቹ 1970 ያወጣው ጽሑፍ ላይ የቆመ ሐሳብ ነው፤ መረጃን በሰንጠረዥ አስቀምጥ፣ አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ ጻፍ፣ ሌላው ሲፈልገው በቁልፍ ይጠይቅ። ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኛ መጋዘን ግን የአንድ ግሮሰሪ ስልክ የሽያጭ ደብተሩ ላይ አንድ፣ የዱቤ ደብተሩ ላይ ሌላ፣ ሾፌሩ ስልክ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ነበር። ኖርማላይዜሽን (መረጃ እንዳይደጋገም ሰንጠረዥን መከፋፈል) የሚባለውን ትምህርት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲያስረዳ ሌላው ተማሪ የሚያየው የመጽሐፉን "ተማሪና ኮርስ" ሰንጠረዥ ነው፣ እኔ የማየው የኛን ደብተሮች ነበር። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት ድካም ነው፣ ግን ይህ ጥቅም አለው።

አንድ ነገር ግን ዳታቤዝ ኮርሱም አይነካውም፣ እሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ሐዋሳ ላይ ሲስተም የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚጋጨው ከሱ ጋር ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው። የመጽሐፉ ደንበኛ የራሱ ስምና የቤተሰብ ስም አለው። የኛ ደንበኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለው፤ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ጸሐፊ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ያስገባና አንድ ሰው ሁለት ደንበኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሆሄው ሲጨመርበት ይብሳል። ኃይሉን በኃ፣ በሀ፣ በሐ የሚጽፍ አለ፤ ለእኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። ፍለጋው እንዲሠራ ከመመዝገቡ በፊት ወይም ሲፈለግ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፣ ግን አስቀድሞ የነገረን የለም። ይህ እንግዲህ አማርኛው ከተመዘገበ ነው። ሰንጠረዡ የፈረንጅ ፊደል ብቻ በሚያውቀው በላቲን1 አመዘጋገብ ተከፍቶ ከሆነ የጻፋችሁት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጣቸው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ሰንጠረዡን ዩቲኤፍ8 በሚባለው የዩኒኮድ አመዘጋገብ መክፈት ብቻ ይበቃል።

ቀኑስ? የኛን ቀን እንዳለ ዴት በሚባለው ዓይነት ካስገባችሁ ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ጥቅምት 30ን አይቀበልም። ሁለተኛው ወር፣ ሠላሳኛው ቀን ነዋ፤ እሱ ፌብሩዋሪ ነው የሚያስበው። ጳጉሜ ሲመጣ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። መፍትሔው በውስጥ በፈረንጅ ቀን ማስቀመጥና ለሰው ሲታይ ወደኛ መቀየር ነው፤ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚሆንበት የፈረንጆች ዓመት በፊት ባለው ዓመት ደግሞ 12 እንደሚውል ሳይረሳ። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። የመጽሐፉ ሪፖርት ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

ሲስተም አናሊሲስ (ሲስተሙ ከመሠራቱ በፊት የሚያስፈልገውን ማጥናት) የሚባለው ኮርስ ስዕል ይበዛበታል። ዩዝ ኬዝ፣ ሲኩዌንስ፣ ክላስ ዲያግራም። ስዕሉን አልጠላም፣ ግን ስዕል ከመሳሉ በፊት ሰውን መጠየቅ አለ፣ እሱ ነው የሚዘለለው። እኔ የተለማመድኩት መጋዘን ነው። አሠሪዬን "ጋሼ፣ ስንት ሳጥን አለን?" አልኳቸው። "የትኛውን ነው የምትጠይቀኝ?" አሉኝ። "ሙሉውን ነው? ባዶውን ነው? ወይስ ሰው እጅ ያለውን?"

በቃ፣ የእውነተኛው ሲስተም ችግር ይኸው ነው። መጽሐፍ ላይ ዕቃ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል፣ ልዩነቱ ክምችት ነው። መጠጥ ላይ ግን ጠርሙሱና ሳጥኑ ይመለሳሉ። ግሮሰሪው ቢራውን ሸጦ ገንዘቡን ይከፍልና ባዶውን ያስቀራል፤ ወይም ባዶውን ከሌላ ማከፋፈያ ጋር ይለዋወጣል፤ ወይም ተሰብሯል ይላል። ስለዚህ አንድ ሽያጭ ሁለት ሒሳብ ይከፍታል፣ የገንዘብና የባዶ። ደብተሩን የያዘችው ሠራተኛ ይህን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይታ ለዓመታት ስትሠራበት ኖራለች። ዲግሪ የላትም። ሲስተም አናሊስት ማለት እሷ ናት ብል ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል፣ ግን እውነቴን ነው።

ወደ ቢዝነሱ ግማሽ እንምጣ፣ አንድ ተኩል ነጥብ የቆረጥኩትም በሱ ነው። አካውንቲንግ ወስደናል፤ ዴቢትና ክሬዲት በወረቀት። ሐዋሳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ "የፒችትሪ ዕውቀት ያለው" የሚለውን ያውቀዋል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ ሴጅ 50 ነው አሁን፤ እኛ አገር ግን ፒችትሪ እንደሆነ ቀርቷል። እኛ አንድም ቀን አልከፈትነውም። ኢንተርፕራይዝ ሲስተምስ የሚባል ኮርስ አለ፣ የድርጅትን ግዢ፣ ሽያጭና ሒሳብ አንድ ላይ ስለሚያስተሳስሩት ኢአርፒ ስለሚባሉ ሲስተሞች ነው፤ ከነሱ አንዱ ኤስኤፒ ምን እንደሆነ በስላይድ ተነገረን፣ ፈተና ላይ የኢአርፒ ጥቅሞችን ዘርዝሩ ተባልን፣ ዘረዘርን። የሚያናድደው ደግሞ ነፃ የሆነ ነገር መኖሩ ነው። ኦዱ የሚባለው ሲስተም ኮሚዩኒቲ የሚሉት ዓይነቱ በነፃ ይወርዳል፣ ክምችት አለው፣ ሽያጭና ደረሰኝ አለው፣ የኢትዮጵያን የሒሳብ መደቦች የያዘ ጭማሪ እንኳ አለው። ላብ ውስጥ ጭኖ ተማሪውን ገዢ፣ ሻጭ፣ መጋዘን ጠባቂ ብሎ ከፋፍሎ አንድ ሴሚስተር ማሠራት ይቻላል። አንድ ትእዛዝ ከግዢ ጥያቄ ተነስቶ እስከ ክፍያ ሲሄድ ያየ ተማሪና ጥቅሙን የዘረዘረ ተማሪ አንድ አይደሉም።

ፍትሕ ላለማጓደል፣ ያየሁት ምርጥ ክፍለ ጊዜም የቢዝነሱ ነበር። አንድ ወጣት መምህር የንግድ ባንኩን ጉዳይ ይዞ ገባ። ታስታውሳላችሁ፣ መጋቢት 2016 ላይ፣ ከአርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ፣ ሰው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ፤ በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው አለ። ገንዘቡ እንዲመለስ ተለመነ፣ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ። መምህሩ የሥነ ምግባር ስብከት አላመጣም። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀን። ለውጥ ወደ ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ከመግባቱ በፊት የት ነው የሚፈተነው? ማን ይፈርማል? ሲበላሽ በስንት ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሳል? ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለማን ነው፣ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ከዚያ ደግሞ ፎቶ መለጠፉ ይገባል አይገባም በሚለው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ በዚያው ዓመት የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንዷ ተማሪ ስልኳ ላይ ከፍታ ታነብብልን ጀመር። የማታ ተማሪ ደክሞት ሰዓት በሚቆጥርበት ሰዓት ማንም አልተነሳም። ዲግሪው እንደዚህ ቢሆን አምስት ከአምስት እሰጠው ነበር።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ነገር ግን ያሳዝናል። ርዕሱ ሁሌም "ዌብ ቤዝድ" ብሎ ይጀምርና "ማኔጅመንት ሲስተም" ብሎ ያልቃል፤ መሃሉ ላይ ክሊኒክ፣ ሆቴል ወይም ቤተ መጻሕፍት ይገባል። በዛምፕ (ዌብሳይትን የራስ ላፕቶፕ ላይ የሚያስነሳ ሶፍትዌር) ይሠራል፣ በፒኤችፒ ቋንቋ፣ ለዲፌንስ (መምህራን ፊት ለሚቀርብበት) ቀን ብቻ ይበራል። ኮዱን የሚሸጡ አሉ፤ ቴሌግራም ላይ ዋጋው ከነሰነዱ ይነገራል፣ አርማና ስም ብቻ ነው የሚቀየረው። ጥናት የሚጽፉት ደግሞ ፍሬድ ዴቪስ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1989 ያወጣውን ሞዴል ይዘው መጠይቅ ይበትናሉ፤ ሲስተሙ ይጠቅማል ወይ፣ ለአጠቃቀም ይቀላል ወይ የሚለውን። ሞዴሉ መጥፎ አይደለም። ግን "መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚል ጥያቄ የያዘ መጠይቅ አይቼ አላውቅም። ምክሬ፣ የምታውቁትን አንድ ሱቅ ወይም መጋዘን ያዙ፣ ትንሽ ነገር ሥሩ፣ ባለቤቱ እውነት ይጠቀምበት። የኔ የባዶ ሳጥን መመዝገቢያ ዲፌንስ ላይ "ስፋት ይጎድለዋል" ተባለ፤ ቢባልም መጋዘኑ ውስጥ ዛሬም ይሠራል።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ከመቶ ካላመጣችሁ ኮርሱን ሁሉ ብታልፉም ዲግሪው አይሰጣችሁም። ብዙ ሰው ይረግመዋል። እኔ ግን ለግል ኮሌጅ ተማሪ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማረው ጋር አንድ ወረቀት ተፈትኖ ያለፈን ልጅ "የግል ነው" ብሎ ማናናቅ ይከብዳላ። የሚያስከፋው፣ የመጨረሻው ዓመት ሙሉ በሙሉ የምርጫ ጥያቄ መለማመጃ መሆኑ ነው። መምህሩም ተማሪውም ሀ ለ ሐ መ ላይ ይወድቃሉ፣ ፕሮጀክቱም ለዚያ ነው ከቴሌግራም የሚገዛው።

ወጪው፦ ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው፣ በየጊዜው ይጨምራል። ላፕቶፕ የግድ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ እንዳሻቀበ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ አዲስ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ 8 ጂቢ ራም፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ ለዚህ ትምህርት ከበቂ በላይ ነው። ባትሪውን ግን ሱቁ ውስጥ ነቅላችሁ ሞክሩት። ላብ ላይ አትተማመኑ። እኛ ላብ ውስጥ ከሚበሩት ኮምፒውተሮች የማይበሩት ይበዙ ነበር።

ሥራ አለ ወይ? ሐዋሳ ላይ አለ፣ ግን "ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ" ብሎ ስማችሁን አይጠራም፤ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ስለሆነች ቢሮው ብዙ ነው፣ ሁሉም ቢሮ ሪፖርት አለበት። ጤናው ዘርፍ ዲኤችአይኤስ2 ይጠቀማል፤ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያለማው የጤና መረጃ መሰብሰቢያ ሲስተም ነው፣ ቁጥሩን የሚያጣራና የሚተነትን ሰው ይፈልጋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ በ2014 የአጎዋ ዕድል (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ) ከተቋረጠ በኋላ ተቀዛቅዟል፣ ዛሬ በሱ ላይ ብቻ ማቀድ አይመከርም። እኔ ብጠየቅ ቡናውን እላለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል በፈረንጆቹ 2023 ያወጣው ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እየተገፋም ቢሆን። የሲዳማ ገበሬ ማሳ ደግሞ ትንንሽና ብዙ ነው። ያን ሁሉ ማሳ መመዝገብ፣ ከገበሬው ስምና ካስረከበው ቡና ጋር ማገናኘት፣ ሁለቴ የተመዘገበውን መለየት፤ ይህ ከላይ እስከ ታች ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነው፣ ከስሙ ሆሄ ጀምሮ። ከክፍላችን ልጆች ወደዚያ ያሰበ አላየሁም፣ ሁሉም ባንክ ነው የሚለው።

ኮድ ብቻ ነው የምወደው የምትሉ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ግቡ፤ እዚህ ትሰላቻላችሁ። ከሰው ጋር ማውራት የማትጠሉ፣ የቤተሰብ ሱቅ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ለምን እንዲህ ተዝረከረከ ብላችሁ የምትናደዱ ከሆነ ግን ይስማማችኋል። የጎደለውን ፒችትሪና ኤክሴል በክረምት አጭር ኮርስ ሙሉት። የፕሮግራሚንጉን ደግሞ በ2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፣ ምክንያት የለም።

ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃዱን ለዚህ ፕሮግራምና ለዚህ ካምፓስ ሰጥቶ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት የሐዋሳው አለው ማለት አይደለም። ላቡን ግቡና እዩት፣ ኮምፒውተሮቹን አብሩልኝ በሉ። ኢንተርፕራይዝ ሲስተምስን በምን እንደሚያስተምሩ ጠይቁ። "በስላይድ" ካሉ የክፍያ ድርድር መጀመር ትችላላችሁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ደግሞ አንድም ሳትጥሉ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። መረጃ አያያዝ የሚያስተምረኝ ኮሌጅ ክሊራንስ ላይ የሁለተኛ ዓመቱን ክፍያ ሲስተም ውስጥ አላገኘሁትም ብሎ ወረቀቱን አምጣ ብሎኛል።